ከአስፋልቱ ጀርባ ያለችው ደጀን



ስለ ከተማ ፕላን የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፎቅ ይጀምራል። እኔ ከዳገት እጀምራለሁ፤ ደጀንን የሠራት ዳገቱ ነውና። ከአዲስ አበባ የሚመጣ የጭነት መኪና ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድካሙ ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። የወጣው ሾፌር ሞተሩን የሚያበርድበት፣ የሚወርደው ፍሬኑን የሚፈትሽበት፣ ሁለቱም እህል ውኃ የሚሉበት ቦታ ማስፈለጉ አልቀረም። ያ ቦታ ከገደሉ አፍ በላይ ያለው ይህ ሜዳ ሆነ። ታች ያለው አሮጌው የኮንክሪት ድልድይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቻውን ተሸክሞ ከቆየ በኋላ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ባለገመድ ድልድይ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ሲከፈት መኪናው በዛ፣ ጭነቱም ከበደ። ከዚህ ደግሞ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ በሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር።

ሞጣ እንዲህ አልተወለደችም። የሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ ከተማው ደብሩንና ገበያውን ተከትሎ አደገ። መንገድ ኋላ ላይ መጣለት። የገበያ ከተማ መሐል አለው፤ ሰው ከአራቱም ማዕዘን ወደዚያ ይመጣል። የመንገድ ከተማ ግን መሐል የለውም፤ ያለው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ደጀንን ከላይ ብታዩዋት አስፋልቱን ይዛ ረዝማለች። ሆቴሉ፣ ቡና ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ፋርማሲው፣ የእህል መጋዘኑ ሁሉ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሯል። ከፊተኛው ረድፍ ጀርባ ስትገቡ ግን ከተማው ወዲያው ይሳሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ነው፤ ባጃጁም ወደ ውስጥ መግባት ይጠላል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። የደጀን የወደፊት ኑሮ የሚወሰነው አስፋልቱ ዳር በሚቆመው ፎቅ አይደለም፤ ከአስፋልቱ ጀርባ ገና ባልተሰመረው ሁለተኛ መንገድ ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት ጥቂት ልዙር።

በመጀመሪያ፣ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ከተማ ሰውን ምን ያደርጋል? የመሬት ዋጋ የሚለካው በፊት ለፊት ስፋት ይሆናል። አስፋልት የሚነካ ቦታ ውድ ነው፤ ሃምሳ ሜትር ገባ ያለው ይረክሳል። ስለዚህ ሁሉም ፊቱን አጥብቦ ወደ ኋላ የረዘመ ቦታ ይይዛል። ሱቁ ፊት ይሆናል፤ መኖሪያው፣ ማድቤቱ፣ ሽንት ቤቱ እርስ በርስ ተዛዝለው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። ብርሃንና አየር የሚገባው ከአንድ ወገን ነው። የአንዱ ጓሮ ከሌላው ጓሮ ጋር ስለሚገጥም በመሐል መተላለፊያ አይኖርም። ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ እናት ወፍጮ ስትሄድ፣ ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን ሲስም፣ ሁሉም የግድ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ያ አስፋልት ደግሞ የከተማው አይደለም። የፌዴራል መንገድ ነው፤ ስፋቱንና የመንገድ ክልሉን የሚወስነው የመንገዶች አስተዳደር እንጂ የደጀን ማዘጋጃ ቤት አይደለም። መንገዱን የሚሠራው መሐንዲስ የሚያስበው ጭነቱ ባሕር ዳር መቼ እንደሚደርስ ነው። ሥራው ስለሆነ አልወቅሰውም። ግን የከተማችሁ ዋና አደባባይ በሌላ ሰው ሰዓት እንደሚንቀሳቀስ እወቁት።

ዶናልድ አፕልያርድ የሚባል የከተማ ንድፍ ምሁር በአሜሪካን አገር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አጥንቶ ነበር። ቤቶቹና ስፋታቸው ይቀራረባል፤ የሚለያቸው በቀን የሚያልፈው መኪና ብዛት ነው፤ በአንዱ 2000፣ በሁለተኛው 8000፣ በሦስተኛው 16000 ገደማ። ነዋሪዎቹን በመንገዳችሁ ላይ ስንት ወዳጅ አላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። መኪና የሚያንስበት መንገድ ላይ ያሉት በአማካይ ሦስት አሉት፤ መኪና የሚበዛበት ላይ ያሉት አንድም አልሞላላቸውም። ከማዶ ያለውን ጎረቤት አያውቁትም፤ በረንዳቸው ላይ መቀመጥ ትተዋል። ጥናቱ የተደረገው ዕድርና ማኅበር በሌለበት አገር ነው፣ እኛ እንለያለን ልትሉ ትችላላችሁ። እውነት ነው፣ ዕድር መንገድ ይሻገራል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን አይሻገርም። ልጆች ያልተሻገሩት መንገድ ላይ የእናቶች ቡናም ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወገን ይቀራል።

እዚህ ላይ የደጀን አቀማመጥ የራሱ ጣጣ አለው። ዳገቱን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲያጓራ የቆየው መኪና ሜዳውን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ፍጥነት መጨመር ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሂድ ሂድ ይለዋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ 50ን ሲያልፍ ግን የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። የፍጥነት ምልክት መትከል ብቻውን አይበቃም፤ ሾፌር ከምልክቱ ይልቅ መንገዱን ያምናል። መግቢያው ላይ መንገዱ ጠበብ ቢል፣ በሁለቱም ጥግ ዛፍ በረድፍ ቢቆም፣ ማቋረጫው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ቢሠራ፣ ሌሊት መብራት ቢኖረው፣ እግሩ ራሱ ፍሬን ይረግጣል። የከባድ መኪና ማቆሚያውም ከመሐል ወጥቶ በሁለቱም የከተማው አፍ ላይ ቢሆን ሾፌሩ ያድራል፣ ይበላል፣ ጎሚስታውም አይቸገርም፤ የትምህርት ቤቱ በር ግን በተሳቢ አይዘጋም። ይህን ለማስፈጸም ማዘጋጃ ቤቱና የመንገዶች አስተዳደር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። መንገዱ ሊታደስ ሲል የሚቀመጡበት ጊዜ ነው፤ ከታደሰ በኋላ ሃያ ዓመት ትጠብቃላችሁ።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ። ቤት ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ መሬት ላይ የተሰመረ መስመር ግን ከሠሪውም ከመንግሥቱም በላይ ይኖራል። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር መውጣት ነበረበት፤ ተራራው ስለከበደ ሜዳ ላይ ቀረና እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋን ወለደ። የዘመናት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር ንግዷን ለዚያች አዲስ መናኸሪያ አስረከበች። ከዚራ የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር በቀጥታ ጎዳናዎቹና በዛፎቹ እስከ ዛሬ የሚወደድ ነው፤ ያን ጊዜ የተሰመረው ነው የሚታየው። በዚያችው ከተማ የደቻቱ ወንዝ መውረጃ ላይ ሰው ሠፍሮ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። አንዷ ከተማ ሁለቱንም ታስተምራለች።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ጉዊዲ እና ቫሌ በሚባሉ አርክቴክቶች ፕላን አሠሩ። ፕላኑ ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ፣ ክፉ ፕላን ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ነቅለው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ የአገሬው ሰው ገበያ እዚያ ይሁን አሉ። በ1933 ዓ.ም. እነርሱ ሄዱ፤ መርካቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የእንግሊዙን የአበርክሮምቢን ፕላን ጨምሮ ስንት ማስተር ፕላን አይታለች፤ መርካቶን ያነቃነቀው የለም። ስንት አገር የሚያስተዳድር ነጋዴ የተፈጠረው በዚያ የወራሪ መስመር ላይ መሆኑን ሳስብ ይደንቀኛል።

ደግ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ ባሕር ዳር አለችላችሁ። በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲተከሉ ጀርመኖች ፕላን አወጡላት። ያን ጊዜ መኪና እንኳ እምብዛም አልነበረም፤ ጎዳናዎቹ ግን ሰፍተው ተሰመሩ፣ ዘንባባ ተተከለባቸው። ለማን ነው ይህ ሁሉ ስፋት ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ ከተማዋ በብዙ እጥፍ አድጋ ያ ስፋት ይበቃታል። ሰማንያ ቤት አፍርሶ መንገድ ከማስፋት ባዶ ሜዳ ላይ ገመድ መዘርጋት ምን ያህል እንደሚረክስ የካሳ ኮሚቴ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

መስመር ስል የቦታውን መስመር ብቻ አይደለም፤ የባለቤትነቱም መስመር ግድግዳ ላይ ይታያል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ለድሃው ኪራይ ቀነሰለት፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ኪራዩ ቆርቆሮ እንኳ የማይገዛ ሆነና ቀበሌው ማደስ አልቻለም። ተከራዩም የኔ ያልሆነውን ቤት ለምን ላድስ አለ። ምርጉ ረገፈ፣ ማገሩን ምስጥ በላው፣ ጓዳው ላይ ላስቲክ ተወጠረ። በአገራችን ከተሞች ሁሉ መሐል ሰፈር የምታዩትን ጎባጣ ቤት አርክቴክት አልነደፈውም፤ አንድ አንቀጽ ነው የነደፈው። ግን ልብ በሉ፣ በዚያው ሰፈር ባለሀብቱና የቀን ሠራተኛው አንድ በር ተካፍለው፣ አንድ ዕድር ገብተው ኖረዋል። ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱን ምትክ ቦታ ይተካዋል፤ ጉርብትናውን የሚተካ የለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር መጥቷል፤ ከአሮጌው ፒያሳ የተነሣው ሰው ግን ከሥራው፣ ከዕድሩና ከልጁ ትምህርት ቤት ርቋል። ኮሪደር ወደ ክልል ከተሞችም እየመጣ ነው። ደጀን ሲደርስ የእግረኛ መንገዱን በደስታ ተቀበሉ፤ የሚነሣው ሰው በእግሩ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይስፈር ብላችሁ ግን ቀድማችሁ ተከራከሩ።

ስለ ቤቱ ሳልናገር ባልፍ ትቀየሙኛላችሁ። ከደጀን እስከ ቢቸናና ሞጣ ያለው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ነው። ጤፉን የሚያበቅለው እርሱ ነው፤ ቤቱን የሚሰነጥቀውም እርሱ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያለውን ሁሉ በየዓመቱ ያነሣል ይጥላል። የጭቃ ቤት ይህን ይችለዋል። የባሕር ዛፉ ቋሚና ማገር ይለመጣል፤ ጭድ ተቦክቶበት የበሰለው ጭቃ ቢሰነጠቅ በአንድ ቀን ደቦ ይመረጋል። ብሎኬት ግን አይለመጥም። አዲስ ብሎኬት ቤት በሦስተኛ ዓመቱ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ሲያወጣ ሰው ግንበኛውን ይረግማል። ግንበኛው ብዙ ጊዜ ያደረገው ነገር ብሎኬቱን በጭቃ ቤት መሠረት ላይ ማቆም ብቻ ነው። ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ወጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በተመረጠ የመሙያ አፈር ካልተሞላ፣ መሠረቱ ላይ የብረት ማሰሪያ ካልታሰረበት፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ በአሸንዳ ተይዞ ከግድግዳው ካልራቀ ስንጥቁ አይቀርም። ባሕር ዛፍን ግድግዳ ሥር መትከልም አይበጅም፤ ሥሩ የአፈሩን ውኃ ይመጥጠውና መሠረቱ ያዘነብላል። ገንዘብ ያላችሁ ሰዎች ለበር ብረትና ለቀለም ከምታወጡት ከፊሉን መሬት ውስጥ ቅበሩት።

አሸንዳን ካነሣሁ አይቀር፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ የ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ 60 ሺህ ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 48 ሺህ ይተርፋል። ያን ሁሉ ወደ ጎረቤት ግቢ እንለቀውና በመጋቢት ጄሪካን ይዘን እንሰለፋለን። በክልላችን ጣና አካባቢ ቡራነስት በተባለችው የሙከራ ከተማ የስዊሱ ፕሮፌሰር ፍራንዝ ኦስቫልድ ከእነ ፋሲል ጊዮርጊስና ዘገየ ቸርነት ጋር ሆነው የሞከሩት ይህንኑ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ትልቅ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባል፣ ጣሪያው ውኃ ያጠራቅማል፣ ቤቱ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ባለ ሁለት ደርብ ነው፣ ቀሪው መሬት ለጓሮ አትክልት ይውላል። ሙከራው ገና ብዙ የሚቀረው ቢሆንም አቅጣጫው ለእኛ ሰው ከመስታወት ፎቅ ይቀርባል። መስታወት ፎቅ ቀን ምድጃ፣ ሌሊት በረዶ ነው፤ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ማን እንደመከረው አላውቅም።

ፎቅ መሥራት የለብንም እያልኩ አይደለም። መሬት ውድ ሲሆን ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው። ግን ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ኑሮውንም ይዞ ይወጣል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር በየግቢው በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድንኳን ሳይተከል ለቅሶ የሚቀመጡበት የጋራ ሕንፃ በፕላኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያን ያሰበውን ሰው አመሰግነዋለሁ። ደጀን ላይ ጂ ፕላስ ሁለት የሚያሠራ ባለሀብት ይህን አስቦ ያውቃል? በርበሬው የት ይሰጣል? ጠላው የት ይጠመቃል? በስንት ፎቅ አልፎ ነው አስከሬን የሚወርደው? የደረጃው መታጠፊያ ጠቦ ሬሳ ሳጥን ሳይዞር ቀርቶ ሰው ሲያፍር ያየ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ አይወስደውም።

በወረዳችሁ የዓባይ ሲሚንቶ ፋብሪካ መተከሉ ነገሩን ሁሉ ያፋጥነዋል። ፋብሪካ ደመወዝ ይዞ ይመጣል፣ የቤት ኪራይ ያስወድዳል፣ ተሳቢ ያበዛል። ሠራተኛው የት ይኖራል የሚለው ጥያቄ አሁኑኑ መልስ ካላገኘ ራሱን በራሱ ይመልሳል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ እርሻ ላይ የተቀጠቀጠ የጨረቃ ቤት ነው። ሌላው መልስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኔዘርላንዱ የስኳር ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ወንጂ ላይ የሠራው ነው፤ ቤቱ በሥራ ደረጃ የተመደበ፣ ለአለቃው ሰፊ ግቢ፣ ለአገዳ ቆራጩ የካምፕ ክፍል። ሁለቱንም አልመኝላችሁም። ሠራተኛው ከከተማው ጋር ተቀላቅሎ፣ ከነባሩ ሰው ጋር አንድ ገበያ እየገበየ ቢኖር የኪራዩ ገንዘብም የቤቱ አሳብም እዚሁ ይቀራል። ለዚያ ግን የሚቀላቀልበት መንገድ ያስፈልጋል፤ አስፋልቱ ዳር ቦታ አልቋል።

ስለዚህ ወደ ሁለተኛው መንገድ። ከአስፋልቱ ጎን ለጎን፣ በሁለቱም ወገን፣ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ሜትር ገባ ብሎ የሚሄድ፣ ባጃጅና ጋሪ የሚተላለፍበት፣ ዛፍ ያለው መንገድ ይሰመር። በየሁለት ሦስት መቶ ሜትሩ አገናኝ መንገድ ይኑረው። መናኸሪያው፣ ጉሊቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮው ወደዚያ ፊታቸውን ያዙሩ። ያኔ ሁለተኛ ረድፍ ያለው ቦታ የፊት ቦታ ይሆናል፤ ዋጋውም ይወጣል፤ አስፋልት ዳር ላይ ያለው ሽሚያ ይላላል። የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ዱከምና ሞጆን በጎን አልፏቸው ሄዷል። አንድ ቀን ዓባይን በሌላ መስመር የሚሻገር አዲስ መንገድ ደጀንንም በጎን ሊያልፋት ይችላል። ያን ቀን አላፊ መኪና ብቻ የሚያኖረው ከተማ ይደነግጣል፤ የጀርባ መንገዶቹ ላይ ኑሮ የመሠረተ ከተማ ግን ጸጥ ያለ ዋና ጎዳና ያተርፋል።

ወጪው ብዙ ነው የምትሉኝ አላችሁ። መስመሩን ማስመር ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ድንጋይ ማንጠፉ ዓመታት ይወስድ። ከባዱ ነገር ቦታ ሲሸነሸን ለአንድ ዘመድ አንድ ካርታ እዚያ መስመር ላይ አለመስጠት ነው። ፈተናው እዚያ ላይ ነው፤ ብዙ ከተማ የወደቀውም እዚያው ነው።

በሕጉ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት እንዲያገለግል፣ ሲዘጋጅም ነዋሪው እንዲወያይበት ያዛል። በተግባር ውይይቱ ብዙ ጊዜ ባለቀለም ካርታ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማጨብጨብ ይሆናል። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ ነው ይባላል፤ ሰው የራሱን ቤት ፈልጎ ካገኘና ካልተነካ ይወጣል። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። የሚቀጥለው ካርታ ሲሰቀል ጣታችሁን ትምህርት ቤቱ ላይ አድርጉና ወደ ገበያው ሂዱበት። ከዚያ ባለሙያውን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ የሰባት ዓመት ልጄ ከዚህ እዚህ አስፋልቱን ሳይረግጥ በየት በኩል ነው የሚሄደው? ጣቱን የሚያሳርፍበት መስመር ከሌለው ፕላኑን አታጽድቁት።